መምህር አዳነ እና የቀፎው ስዕል

መምህር አዳነ ካረፉ ዛሬ አርባኛ ቀናቸው ነው። አበርገሌም ሆናችሁ ወልድያ፣ ለቀብሩ ያልደረሳችሁ ተማሪዎቻቸው፣ መርዶውን ከዚህ ወረቀት የምትሰሙ ካላችሁ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ብዙ አልተንገላቱም። ልጃቸው ሰላማዊት ከጎናቸው ነበረች፤ እኛ ጎረቤቶቻቸውም ነበርን።

እኔ ግን የምጽፈው ለልቅሶ ብቻ አይደለም። በእኚህ ሰው ላይ የተጻፈ አንድ ሐሰት አለ፤ አስቀድሞ እሱ ይታወቅልኝ። በሴቶች ንብ አናቢዎች ማኅበራችን ቃለ ጉባኤ ላይ «ንቦቹ ቀፎውን ጥለው የኮበለሉት በአቶ አዳነ ስዕል ስህተት ምክንያት ነው» ተብሎ ተጽፏል። ፊርማ አለበት፤ ማኅተም አለበት። ያ ወረቀት ስድስት ዓመት መዝገብ ውስጥ ተኝቶ ኖረ፤ መምህሩም ሳይታረም አረፉ። ሰው ሲሞት ጥሩ ጥሩውን ብቻ ማውራት ልማዳችን ነው። እኔ ግን የተበደሉት ሳይነገር ደግነታቸው ቢነገር ግማሽ ነው እላለሁ።

ትርንጎ እባላለሁ። ሦስት ልጆች ከወለድሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ብዙም አልገፋሁ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ስህተት ብታገኙ የተማሪዋ ነው፤ የመምህሩ አይደለም።

መምህር አዳነ ሰቆጣ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ያስተምሩ ነበር። መጋዝ፣ መላጊያ፣ ማስመሪያ ያስያዟቸው ልጆች ዛሬ የልጅ አባቶች ናቸው። ሁልጊዜ ከኮታቸው ኪስ የምትታጠፍ የእንጨት ሜትር አትጠፋም። አንድ እግሯ ያጠረ ጎረቤት ነበረችን፤ የትም ብትቀመጥ ወገቧን ያማታል። አንድ ቀን መምህሩ ሳትጠይቃቸው ቤቷ ገብተው ጉልበቷን፣ ጭኗን፣ ከመሬት እስከ ክርኗ ለክተው ወጡ። ሰፈሩ ጉድ አለ። ከሳምንት በኋላ መቀመጫው በአንድ በኩል ዝቅ ያለ በርጩማ ይዘው መጡ። «መምህር፣ ጠማማ ሠርተው አመጡ» ብለን ሳቅን። እሷ ግን ተቀመጠችበት፤ ቀና ብላ ስትቀመጥ ያን ቀን አየናት። መምህሩም «በርጩማ ይቆረጣል እንጂ ሰው አይቆረጥም» አሉ። ይህችን ቃላቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ።

ጡረታ እንደወጡ እጃቸው ሥራ ፈታ። ዓይናቸውም ደክሞ ነበርና መጋዙ አስፈራቸው። ያኔ ነው ሰላማዊት ከመሥሪያ ቤቷ የተተካ አሮጌ ኮምፒዩተር በፍራሽ ጠቅልላ በወልድያ አውቶቡስ የላከችላቸው። ሁለት ሰው ተሸክሞ ሲያስገባው ሰፈሩ ተሰበሰበ።

«መምህር፣ ቴሌቪዥን መጣልዎ እንዴ?»

«አይደለም። የስዕል ሰሌዳ ነው።»

«ታዲያ ጠመኔው የታል?»

እሳቸውም አብረው ሳቁ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። ኮምፒዩተሩ ብቻውን ሰሌዳ ነው፤ የዕቃ ንድፍ ለመሣል ደግሞ ለብቻው የተሠራ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። እሱም አንድ ዓይነት አይደለም። የትኛውን ልያዝ በሚለው ብቻ ሁለት ወር ፈጁ። እኔ ቤታቸው ከሚስታቸው ዘመን ጀምሮ ወጪ ገቢ ነኝ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ምሳ ይዤላቸው እገባለሁና ሁሉንም አይቻለሁ።

የመረጡበት መንገድ እንደ ራሳቸው ነበር። ሦስት ፕሮግራም አገኙ፤ በሦስቱም ያችኑ አንድ በርጩማ ሣሉ።

የመጀመሪያው ትልልቅ መሐንዲሶች የሚሠሩበት ነው። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ሰው በሲዲ ገልብጦ ሰጣቸው። ኮምፒዩተሩ ግን አልቻለውም። «ክፈት» ብለውት እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ ገና እያቃሰተ አገኘሁት። «ማሽንዎ አርጅቶ ነው እንጂ ፕሮግራሙስ አንደኛ ነው» አላቸው ሰውየው። መምህሩ ግን ሲዲውን አውጥተው መለሱለት። «ማሽኔን ከብዶታል፤ እኔን ደግሞ ኅሊናዬን ከብዶኛል። ይህ ዕቃ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ አልሰጠኝም» አሉት። ሰውየው ሳቀባቸው። እኔ ግን ወደድኋቸው።

ሁለተኛው የሚያምር ነበር። በርጩማዋን እንደ እውነተኛ ያዞራታል፤ ከላይም ከሥርም ትታያለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። እኔም «ይሄው ይሁንልዎ» አልኋቸው። በሠላሳኛው ቀን ግን ስዕላቸውን ሊከፍቱ ቢሉ የሙከራ ጊዜዎ አብቅቷል የሚል ጽሑፍ ወጣ። በርጩማዋ ውስጥ ቀረች።

«አየሽ እቴ ትርንጎ፣ ሥራዬን ቤቱ አስገብቶ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ።»

«ሌባ ነዋ!»

«ሌባ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ጽፎት ነበር። እኔ ነኝ በውበቱ ተታልዬ ያላነበብሁት።»

ሦስተኛው በነጻ የሚሰጥ፣ ትንሽ፣ መልኩ የማያምር ነው። ጥቁር ገጽ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ። አይዞርም፤ አያበራም። ግን ቶሎ ይከፈታል፤ ስትሥል በሚሊ ሜትር ስንት ይሁን ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ በርጩማዋን በዲስኬት አድርገው በአውቶቡስ ለሰላማዊት ላኩ። ከሳምንት በኋላ ቴሌ ሄደው ሲደውሉላት «አባዬ፣ እኔም ጋ ተከፍቷል፤ ልኩ አልተዛነፈም» አለቻቸው። ያን ጊዜ ወሰኑ። «መልኩ የከሳ በቅሎ ነው» አሉኝ፤ «ግን የእኔን ዳገት ይወጣል፤ ሌላ ሰው ቤትም ብሰደው መንገዱን ያውቃል።»

መማሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። አስተማሪ የለም። የእንግሊዝኛ መመሪያውን ሰላማዊት አሳትማ ላከችላቸው፤ እሳቸው መዝገበ ቃላት ከጎን አድርገው አንዷን ገጽ ሦስት ቀን ያነቧታል። በመጀመሪያ ጊዜ በዓይናቸው እየገመቱ መስመርን ከመስመር ያገናኙ ነበር። አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሥለው ጨርሰው ጠሩኝ። ቆንጆ ነበር። ከዚያ ማዕዘኑን አቅርበው አቅርበው አሳዩኝ፤ የተገናኘ የመሰለን መስመር ለካ አልተገናኘም፤ በመካከሉ ፍየል ታልፋለች።

«ስንት ቀን የለፉበት ነው እኮ! ማን ያየዋል፣ ይተዉት» አልሁ።

«ዓይን ይስማማል፤ ቁጥር ግን ይመሰክራል» ብለው ሁሉንም አጥፍተው ከአንድ ጀመሩ።

መብራቱም ፈተናቸው ነበር። ሳያስቀምጡ ከጠፋ የሠሩት አብሮ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የሁለት ሳምንት ሥራ እንዲያ ጠፋባቸውና ደጅ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሰፈራችን ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ከየቤቷ «መምህር፣ ያስቀምጡ!» ብላ ትጮሃለች። እሳቸውም ከውስጥ «አስቀምጫለሁ፣ እናቶቼ!» ይላሉ። ይህን የሰማ እንግዳ ሰው ምን እንደሚያስቀምጡ ግራ ይገባው ነበር።

እኔንም ዝም ብለው አላስቀመጡኝም። «ፊደል ያስቆጠርሁሽ ለጸሎት መጽሐፍ ብቻ አይደለም» ብለው የንድፍ ቁጥር ማንበብ አስተማሩኝ። ቀስቱ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ፣ ከመሐሉ ያለው ቁጥር ልኩ መሆኑን። ይህ በኋላ ጠቀመኝ።

አሁን ወደ ቀፎው ልምጣ።

የዋግ ነጭ ማር የታወቀ ነው። ንቡ ግን የወንድ ሥራ ነው ሲባል ኖሯል። ቀፎው የሚሰቀለው ዛፍ ላይ ነውና ሴት አትወጣም። እኛ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የተሰደደባቸው ሴቶች ማኅበር ስናቋቁም መሬት ላይ በእግር የሚቆም፣ ከላይ የሚከፈት የሳጥን ቀፎ ፈለግን። የዚህ ቀፎ ምሥጢሩ ከላዩ የሚደረደሩት አግዳሚ እንጨቶች ናቸው። ንቡ ከእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር አንድ የማር እንጀራ ይሠራል፤ አንዱን አግዳሚ ስታነሺ አንድ እንጀራ ብቻ ይዞ ይወጣል። የአግዳሚው ስፋት ግን ልክ መሆን አለበት። ከጠበበ ንቡ እንጀራውን ከአንዱ ወደ ሌላው አገናኝቶ ይሠራል፤ አንዱን ስታነሺ ሁሉም ይቀደዳል።

መምህሩ መጽሐፍ አገላብጠው ስፋቱ ሠላሳ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ብዛቱ ሃያ ሰባት እንዲሆን ሣሉት። በኮምፒዩተሩ ላይ አሳይተውኝ ሁለቱንም ቁጥር እኔው ራሴ አንብቤያለሁ። አናጢያችን አያ ኪሮስ ግን ቁጥር አያነብም፤ ኽምጣኛና አማርኛ አጣርቶ ይናገራል እንጂ ትምህርት ቤት አልገባም። እሱ የሚሠራው ልኩን ዕቃ እንጨቱ ላይ አጋድሞ በመጫር ነው። ስለዚህ መምህሩ የሳጥኑን ርዝመት በዘንግ ቆርጠው ሰጡት። የአግዳሚው ግን ከሥሩ የሾጠጠ ቅርጽ ስላለው፣ በእውነተኛ መጠኑ በወረቀት እንዲታተምና አያ ኪሮስ ወረቀቱን እንጨት ላይ አጋድሞ እየጫረ እንዲቆርጥ አሰቡ። በማግስቱ ለዓይናቸው ሕክምና ወልድያ ሄዱ። ዲስኬቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ማተሚያ ያለው ማኅበራችንን የሚያደራጀው ቢሮ ነበር። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ወይንሸት አትማ ሰጠችኝ። ነሐሴ ነበር። ስመለስ ዝናቡ ደበደበኝ። ወረቀቱን ቀሚሴ ውስጥ ብደብቀውም ረጠበ። ቤቴ ገብቼ አደረቅሁትና ለአያ ኪሮስ ወሰድሁለት። ስለ ዝናቡ ለማንም አልተናገርሁም። ይህን ልብ በሉልኝ።

አያ ኪሮስ ቀፎዎቹን ጨርሶ የሰጠን ቀን ደስ ብሎት ነበር።

«መምህሩ ሃያ ሰባት ብለው ነበር» አለን፤ «እኔ ግን ለእያንዳንዱ ቀፎ ሃያ ዘጠኝ አድርጌያለሁ። ሁለቱ ምርቃት ናቸው። ለሴት ማኅበር ክፍተት ትቼ አልሰጥም!»

እልል አልንለት። ምርቃት ሲሰጥሽ ማን ይቆጥራል? «እጅህ ይባረክ» ይባላል እንጂ።

መስከረም ላይ ንቡን ወደ ቀፎዎቹ አዛወርን። መንተሴ የሚባለው፣ ንብ የሚወደው ቁጥቋጦ አብቦ ጋራው ሁሉ ይሸት ነበር፤ ንቡም ይሠራል። በጥቅምት ልንቆርጥ ስንከፍት አግዳሚው አልነሣ አለ። አንዱን ስንጎትት ሦስቱ መጡ። እንጀራው ዘጭ አለ፤ ማሩ ፈሰሰ፤ የንቡ እጭ ወደቀ። በሳምንቱ ንቡ ጥሎን ሄደ። ከአሥራ ሁለቱ ቀፎ አንድም አልቀረ። «ሴት ከመቼ ወዲህ ንብ አወቀች» ያሉን ሁሉ ሳቁ።

ስብሰባ ተጠራ። መምህሩ ዓይናቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ከቢሮው የመጣው ባለሙያ ቀፎውን እንኳ አልነካም።

«ስዕሉን የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ መምህሩ።

«የት ተማሩት?»

«ቤቴ።»

«አባባ፣ እርስዎ በርጩማዎ ላይ ቢቆዩ ይሻል ነበር።»

ሰው ሳቀ። መምህሩ «ስዕሉም ይለካ፤ ቀፎውም ይለካ» አሉ። ማንም አልተነሣም። ያ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ፤ ሰብሳቢያችን ፈረመች። እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልሁ። በሰው ፊት አፍ የማይገደኝ ትርንጎ ዝም አልሁ። ለምን ብትሉ፣ የበግ ቆዳ ረጥቦ ሲደርቅ እንደሚኮማተር አውቃለሁ። ወረቀቱም በእኔ እጅ ረጥቦ ተኮማትሮ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

መምህሩ ቤታቸው ገብተው ኮምፒዩተሩን ከፈቱ። ሠላሳ ሁለት ነው። ደግመው ለኩ። ሠላሳ ሁለት ነው። ከዚያ «ምናልባት የመጽሐፉ ቁጥር ለእኛ አገር ንብ አይሆን ይሆናል፤ ሳልጠይቅ አመንሁት» አሉና በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ኮምፒዩተሩን በነጠላ ሸፈኑት። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሴቶቹ ከልማድ «ያስቀምጡ!» ይላሉ፤ ከውስጥ መልስ የለም።

ዓመት እንዲህ አለፈ። የእኔ ቀፎ ለፍየሎቼ መመገቢያ ሆነ፤ አግዳሚዎቹን ግን ከግድግዳው ሥር ከምሬ ነበር። አንድ ቀን ለአጥር ልሠራባቸው ብዬ በረድፍ አጋደምኋቸው። ሃያ ዘጠኝ። ቆም አልሁ። ገበያ የኖርሁ ሴት ነኝ። ምርቃት ከቁና በላይ ነው የሚቆለለው። ቁናው ሞልቶ እያለ ምርቃቱ ውስጥ ከገባ፣ ወይ ቁናው ሰፍቷል፣ ወይ እህሉ ጎድሏል። ለሃያ ሰባት የተሠራ ሳጥን እንዴት ሃያ ዘጠኝ ይይዛል?

አያ ኪሮስ ጋ እየሮጥሁ ሄድሁ።

«አያ ኪሮስ፣ ሳጥኑን አስፍተኸው ነበር?»

«በምን አባቴ! በመምህሩ ዘንግ ነው የቆረጥሁት። ዘንጉ ያው፣ ተሰቅሏል።»

«ታዲያ ምርቃቱ የት ገባ?»

«ሃያ ሰባቱን ደርድሬ ስጨርስ ከጫፍ ክፍት ቀረ። ክፍት ቀፎ ደግሞ ነውር ነው። ሁለት ጨመርሁ፣ ልክክ አለ።»

«ክፍት መቅረቱን ለመምህሩ ነግረሃል?»

«ምርቃት ሰጠሁ ብዬ ልመካ ኖሯል? ለእናንተ ነገርኋችሁ፤ በቃ።»

ወረቀቱን አያ ኪሮስ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አስቀምጦት ነበር። ይዤ ወደ መምህሩ ሄድሁ። ያችን የእንጨት ሜትር አውጥተው በአጉሊ መነጽር ለኩት። ከጎኑ «32» ተብሎ ታትሟል፤ መስመሩ ራሱ ግን ሠላሳ እንኳ አይሞላም። ደግመው ለኩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እቴ፣ ይህ ወረቀት በገዛ ራሱ ላይ በሐሰት መስክሯል!»

ያን ጊዜ ነው የዝናቡን ነገር የነገርኋቸው። ተንበርክኬ ነበር።

«ተነሺ! ወረቀት ቆዳ አይደለም። ቢኮማተር የፀጉር ያህል ነው፤ ሁለት ሚሊ አይሆንም። ማተሚያው ነው ያሳነሰው ብዬ አስባለሁ።»

«አስባለሁ ነው የሚሉኝ ወይስ አውቃለሁ?»

ውሸት አያውቁምና «አስባለሁ» አሉ። እኔም በዚያች ቃል ምክንያት አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፌ ጎደሎ ነበር።

መምህሩ ነጠላውን አንሥተው በማግስቱ ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሠሩት ስዕል ሁሉ ከግርጌው አንዲት መስመር አለች፤ ከሥሯም «ይህችን መስመር በማስመሪያ ለካ። አሥር ሴንቲ ሜትር ካልሆነች ወረቀቱን አትመን» ይላል። ለአያ ኪሮስም ልክ አሥር ሴንቲ ሜትር የሆነች እንጨት ቆርጠው ሰጡት። አዲሶቹን አግዳሚዎች በልኩ ሠራ። ሃያ ሰባት ገባ፤ ምርቃት አልፈለገም። ዳግም ያስገባነው ንብ ቆየ። እንጀራው አንድ በአንድ ወጣ፤ ነጭ፣ እንደ ጥጥ። የመጀመሪያውን ቆርጠን የወሰድነው ለእሳቸው ነው። ቀምሰው «ሠላሳ ሁለት ሚሊ ሜትር ይጣፍጣል» አሉ።

ለእሳቸው በዚያ አለቀ። ለእኔ አላለቀም። መዝገቡ የሚቀመጠው ቢሮው ነውና እዚያ ሄጄ ቃለ ጉባኤው ይታረም አልሁ።

«እንዴት እንደታተመ አይታወቅም፤ ያተመችው ልጅ ሰሃላ ተዛውራለች» አሉኝ።

«ታዲያ ትጠየቅ።»

«ደግሞስ ወረቀቱን ያመጡት እርስዎ አይደሉ? ውሃ አስነክተውት እንደሆነስ?»

ቢሆንም መሄዴን አልተውሁ። አለቃው ተቀየረ፤ ሌላ መጣ፤ ለእሱም ከሀ ጀምሬ ነገርሁት። «ባለቤቱ ያልከሰሰበትን እርስዎ ምን አስጨነቀዎት?» አለኝ። መምህሩም «ተይው እቴ፣ ቀፎው ከተቃና ይበቃል» ይሉኝ ነበር። «ለእርስዎ ይበቃል፤ ለእኔ አይበቃኝም» እላቸዋለሁ። «እንግዲያስ እግርሽን አደራ፣ ዳገቱ ይጎዳሻል» ብለው ለመቋሚያዬ ቁመቴን ለክተው ምርኩዝ አስቆረጡልኝ። ሰውን መቃወም ሲያቅታቸው እንዲህ ነበሩ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። አላወቅኋትም።

«እማማ ትርንጎ፣ ወይንሸት ነኝ። ቢሮው ውስጥ ጸሐፊ የነበርሁት። ሰሃላ ሆኜ ምንም አልሰማሁም፤ ትናንት ስመለስ ነው የነገሩኝ።»

«እንኳን መጣሽ። የመምህሩን ስዕል ያተምሽው ዕለት ምን ሆነ?»

አላቅማማችም። «የስዕሉ ክፈፍ እስከ ወረቀቱ ዳር ይደርስ ነበር። ማሽኑ ዳሩ ሊቆረጥ ነው፣ እንዲገባ ላሳንሰው ወይ? ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እንዳይቆረጥባችሁ ብዬ አዎ አልሁት። ሁልጊዜ ደብዳቤ ሳትም እንዲያ ነው የማደርገው። ልኩ የሚለካ ወረቀት መሆኑን ማንም አልነገረኝም።»

«ዝናቡ አይደለም?»

«የምን ዝናብ?»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በለቅሶ ቤት ሣቅሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስድስት ዓመት የተሸከምሁት ድንጋይ ከትከሻዬ ወረደ። ልጅቱን አልቆጣኋትም፤ ስዕሉ እንዳይቆረጥ ያዘነች ልጅ ምን ትባላለች? ይልቅ ይህንኑ ቢሮው ውስጥ ደግመሽ ተናገሪ አልኋት፤ «እሺ» አለች። በሰባተኛው ቀን እሷ ሕፃኗን አዝላ፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ በምርኩዜ፣ አያ ኪሮስ ዘንጉን ይዞ ሄድን። የአሁኑ ኃላፊ ወጣት ሰው ነው፤ ማስመሪያ አስመጥቶ ወረቀቱን ራሱ ለካ። ባለፈው ማክሰኞ ማኅበሩ ተሰብስቦ አዲስ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ሰብሳቢያችን ስትፈርም «ያኔ ሳልለካ ፈርሜአለሁ» አለች። አንብቢልን አሉኝ፤ ቆሜ አነበብሁት።

መምህር፣ እንግዲህ በሰላም ይረፉ። ያስተማሩኝን ፊደል ለእርስዎ ጉዳይ ስላዋልሁት ደስ ብሎኛል። በሕይወትዎ ሳሉ አምጥቼ ባነብልዎ ምንኛ በወደድሁ፤ አልሆነም። «ተይው» ብለውኝ ነበር፤ አልታዘዝሁዎትምና ይቅር ይበሉኝ፤ ከዚህ በቀር በሌላ አላስቀየምሁዎትም። ሰላማዊት ደህና ናት። ኮምፒዩተሩን አልጣለችውም። ንቦቹም አሉ። ስጠይቅ ኖሬ በመጨረሻ የተሰጠኝን መልስ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ይኸውልዎ፦

«በቀድሞው ቃለ ጉባኤ ስለ መምህር አዳነ የተጻፈው ተሰርዟል። ስዕላቸው ልክ ነበር፤ ያሳነሰው የቢሮው ማተሚያ ነው፤ ሳንለካ የፈረድነውም እኛ ነን።»